ማግኒዚየምን በሌዘር ከዝገት ማዳን ይቻላል? ከደብረ ብርሃን የተነሳ ክር

መድረኩ ላይ ያለው ይህ የጥያቄና መልስ ክር ረዝሟል። አዲስ ገቢ ሁሉ ከታች ያለውን ጭቅጭቅ አይቶ ይወጣል፤ መሃል ላይ ያሉት ጥሩ ጥሩ መልሶች ግን ሳይነበቡ ይቀራሉ። ይህ ስለሚያንገበግበኝ የተባለውን ከመክፈቻው ጀምሬ በራሴ ቃል አስቀምጣለሁ። የማልስማማበት ቦታ ስደርስም እናገራለሁ።

መክፈቻው

ጠያቂው ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነው። የለጠፈው ፎቶ ከከተማው ዳር ባህር ዛፍ የሚቆርጡ ሰዎች ከሚሠሩበት የሞተር መጋዝ የወለቀ ቀፎ ነው። የእነዚህ መጋዞች ቀፎ ብዙ ጊዜ ከማግኒዚየም ቅይጥ ነው የሚሠራው። ሰው ቀኑን ሙሉ በእጁ ይዞት ስለሚውል መቅለል አለበት። በፎቶው ላይ ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያቸውን ነጭ ዱቄት ሞልቷቸዋል። ዱቄቱ በተጠረገበት በኩል ምስጥ የበላው የሚመስል ጉድጓድ ይታያል። አንደኛው ጆሮ ጭራሽ ተገንጥሏል።

የልጁ ሐሳብ እንዲህ ነው። የሌዘር ጨረር የቅይጡን ላይኛ ገጽ ለቅጽበት አቅልጦ ወዲያው እንዲረጋ ቢያደርገው፣ ማግኒዚየሙ ዝገትን እንደ አሉሚኒየም ይቋቋማል። የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ ላይ ሊሠራ ፈልጓል። ያዋጣል ወይ? ሌዘሩስ ከየት ይገኛል? ብሎ ጠየቀ።

መልስ 1

እንኳን ደህና መጣህ ብሎ የጀመረ ጨዋ ሰው ነው። መጀመሪያ የያዝከው በእርግጥ ማግኒዚየም መሆኑን አጣራ አለው። ማግኒዚየምና አሉሚኒየም በዓይን አይለዩም። ክብደታቸው ግን ይለያያል። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ማግኒዚየም 1.74 ግራም ሲመዝን አሉሚኒየም 2.7 ይመዝናል። ሚዛን ከሌለ ደግሞ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አንድ ጠብታ ኮምጣጤ ማሳረፍ ነው። ማግኒዚየም ከሆነ ጠብታዋ እዚያው ትፈላለች። አሉሚኒየም ከሆነ ዝም ይላል። ልጁ በማግስቱ ሞክሮ እንደፈላለት ጻፈ።

መልስ 2

ይህን የጻፉት ዕድሜያቸውን በሙሉ ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ የደብረ ብርሃን መካኒክ ናቸው። ክሩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ማግኒዚየም ለኢትዮጵያ ጋራዥ አዲስ ነገር አይደለም ባይ ናቸው። የቮልስ ሞተር ክራንክኬዝ (የሞተሩ ዋና ቀፎ) እና የካምቢዮው ቀፎ ከማግኒዚየም ቅይጥ ነበር የሚሠሩት። ሞተሩ ከኋላ ስለሚቀመጥ ቀላል መሆን ነበረበት።

ከዚያ እኔን የያዘኝን ነገር ጻፉ። ክራንክኬዙን ሲፈቱ ውስጡ ዘይት የነካው ቦታ ሁሉ እንደ አዲስ ነው። ውጪውም ቢሆን ገጹ ዳምኖ ይገኛል እንጂ አልተበላም። የተበላው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። ብረቱ ብሎን የማግኒዚየሙን አፍ የሚነካበትና ውሃ የሚያቁርበት ቦታ። ብሎኑ ሲፈታ ጥርሱን ይዞ ይወጣል፤ ቀዳዳው ውስጥም ነጭ ዱቄት ብቻ ይቀራል። እሳቸው ቀዳዳውን አስፍተው ሌላ ጥርስ ያስገቡበት ነበር። ሲጠቃለል ጥፋቱ የብሎኑ ነው፣ ማግኒዚየሙን አትክሰሱት የሚል ነው መልሳቸው።

መልስ 3

እርማት ነው፤ ትንሽ ቆጣ ያለ። ማግኒዚየም እንደ አሉሚኒየም ይሆናል የሚለውን ከሥሩ ነቀለው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው የሚያበጀው ኦክሳይድ ከተሠራበት አሉሚኒየም የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ገጹን ደፍኖ ይሸፍነዋል፤ ልኩ (የኦክሳይዱ ቦታ ለተበላው ቦታ ሲካፈል) 1.28 ነው። የማግኒዚየም ኦክሳይድ ግን ልኩ 0.81 ነው። ከተበላው ማግኒዚየም ያነሰ ቦታ ስለሚይዝ ገጹን አዳርሶ አይሸፍነውም። እርጥበት ሲገባ የሚፈጠረው ሃይድሮክሳይድም ፒኤች (የአሲድነት ልክ) ከ10.5 አካባቢ በታች ሲሆን ይሟሟል። የዝናብ ውሃ ደግሞ ወደዚያ አይጠጋም። ጨው ሲጨመርበት ይብሳል።

ኤሌክትሮኬሚካል አቅማቸውንም ዘረዘረ፤ ሁለት ሲነካኩ ቁጥሩ ዝቅ ያለው ነው የሚበላው። ማግኒዚየም -2.37 ቮልት፣ አሉሚኒየም -1.66፣ ብረት -0.44። ማግኒዚየምና ብረት እርጥብ ቦታ ላይ ከተነካኩ ባትሪ ሆኑ ማለት ነው። የሚከፍለው ሁልጊዜ ማግኒዚየሙ ነው። የጋሼ ታሪክ ሳይንሱ ይኸው ነው።

መልስ 4

ልጁ ተመለሰ። ቁጣውን በትሕትና ተቀብሎ ክርክሩን ግን አልለቀቀም። እዚህ ላይ ጎበዝ መሆኑን አይቻለሁ።

ቀፎው ኤዜድ91 ከሚባለው ቅይጥ ነው ብሎ ይገምታል፤ ወደ 9 በመቶ አሉሚኒየምና ወደ 1 በመቶ ዚንክ ያለበት። ማግኒዚየም በ650 ዲግሪ ይቀልጣል፣ በ1,090 አካባቢ ይተናል። አሉሚኒየም መቅለጡ 660 ላይ ቢሆንም ለመትነን 2,400 ዲግሪን ማለፍ አለበት። ጨረሩ ሲያርፍ እንግዲህ ማግኒዚየሙ ቀድሞ ይተናል። ገጹ ላይ የሚቀረው የአሉሚኒየም ድርሻ ከፍ ይላል።

ሁለተኛው ምክንያቱ ቅዝቃዜው ነው። የቀለጠው ቆዳ እጅግ ስስ ነው። እንደ ሌዘሩ ዓይነት ከጥቂት ማይክሮሜትር እስከ ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል። ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛ ማግኒዚየም ሙቀቱን በቅጽበት ይመጠዋል። ስለዚህ ቅንጣቶቹ ለማደግ ጊዜ አያገኙም። በተራ ቀረጻ በማግኒዚየምና በአሉሚኒየም ውሁድ የተሠሩ ሻካራ ጉብታዎች ቅይጡ ውስጥ እዚህም እዚያም ተበትነው ይቀመጣሉ። አጠገባቸው ያለውን ማግኒዚየም እንደ ትንንሽ ባትሪ ያስበሉታል። ከሌዘር በኋላ ግን ይሄው ውሁድ ደቅቆ መረብ ይሠራል፤ መረቡም ዝገቱን እየተጋረደ ያዘገየዋል። አሉሚኒየሙም ከበፊቱ ይበልጥ ማግኒዚየሙ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል።

መልስ 5 ልጁን አድንቆ አለፈ።

መልስ 6

ሰላም በዚህ አበቃ። ጸሐፊው የተማረ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል፤ አነጋገሩ ግን ይጎረብጣል። ልጁ ያነበበው የተሳካላቸውን ሥራዎች ብቻ ነው ብሎ ጀመረ። በሌዘር የቀለጠ ማግኒዚየም በአንዱ ሙከራ ሲሻሻል በሌላው ምንም አልተለወጠም፤ ሲብስበትም ታይቷል። ምክንያቶቹን ያለ ርኅራኄ ዘረዘራቸው።

ጨረሩ ገጹን የሚሸፍነው መስመር በመስመር እየሄደ ነው። አንዱ መስመር ሌላውን የሚደርብበት ቦታ እንደገና ይሞቃል። በዚያ ምክንያት ገጹ አንድ ወጥ አይሆንም፤ ራሱ ከራሱ ጋር ባትሪ ይሠራል። የቀለጠው ቆዳ ሲረጋ ይኮማተራል፣ ከሥሩ ያለው ግን አይላላለትም። ስለዚህ ቆዳው በውጥረት ይቀራል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ደግሞ ጨዋማ ውሃ የሚገባበት በር ነው። ቆዳው ውስጥ የቀረ የጋዝ አረፋም ይኖራል።

ቀጥሎ የቅይጡን ንጽሕና አነሳ። ኤዜድ91ዲ የሚባለው ንጹሕ ዓይነት ብረቱ ከ0.005 በመቶ፣ ኒኬሉ ከ0.002 በመቶ፣ መዳቡ ከ0.03 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል። ገደቡ የተቀመጠው ከዚያ ሲያልፍ ዝገቱ ስለሚፈጥን ነው። ቅይጡ ቆሻሻ ከሆነ ሌዘር ብረቱን አያወጣለትም። አቅልጦ እዚያው ያረጋዋል።

የመጨረሻ ነጥቡ ግን ከሁሉ ከበደኝ። ፎቶውን መልሰህ እየው አለው። የተበላው ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ውስጡ ነው። ጨረር የሚያርፈው በሚታይ ገጽ ላይ ነው፤ ጥርስ ያለው ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ አያክምም። እንግዲህ ሌዘሩ በደንብ ቢሠራ እንኳ ይህ ቀፎ የተሰበረበትን ቦታ አይነካውም።

አነጋገሩ ደስ አይልም። ነጥቡ ግን ትክክል ነው፤ ክሩ ላይ ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከመልስ 7 እስከ 9

የልጁ ጓደኛ ሳይሆን አይቀርም፣ ገብቶ ስድስተኛውን ሰውዬ ዘለፈው። አገር ውስጥ ምርምር የሚጀምር ሰው ሲገኝ ማጣጣል ልማዳችን ሆኗል ነው ነገሩ። ስድስተኛው መልሶ ጻፈ። ያጣጣልኩት ሰውን አይደለም፣ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ድል መታወጁን ነው አለ። የመድረኩ ኃላፊ ሁለቱንም ወንድሞቼ ብሎ አረጋጋቸው። የዘለፋውን ክፍልም አነሳው። ጥሩ አደረገ።

መልስ 10

ከአንኮበር የጻፈ ሰው ነው፤ ከርዕሱ ወጣ ብሏል። አያቱ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ አግለው ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ቆዳው እንደሚጠነክር ሁሉ ሌዘሩም ማግኒዚየሙን እንደዚያው ያጠነክረዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። አንድ ሌላ ሰው ከሥሩ አጭር ማብራሪያ ሰጠው። ማረሻው የሚጠነክረው ውስጡ ካርቦን ስላለና በድንገት ሲቀዘቅዝ የአተሞቹ አደራደር ስለሚለወጥ ነው። ማግኒዚየም እንደዚያ አይለወጥም። በሌዘር የሚጠነክረው ቅንጣቱ ስለሚደቅና አሉሚኒየሙ በብዛት ሟሙቶ ስለሚቀር ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ስለ አንኮበር ቀጥቃጮች ብዙ ተጨዋወቱ። ደስ ይላል፣ ግን እዚህ አላመጣውም።

መልስ 11

ይህን ማንም እንዳይዘለው። ብየዳ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ እሳት ጻፈ። ወፍራም ማግኒዚየም ዝም ብሎ አይነድም፤ ሙቀቱን ይበትነዋል። የሞረድ ብናኝና የቶርኖ ፍቅፋቂ ግን ከተቀጣጠለ የሚያስደነግጥ ነጭ ብርሃን እያወጣ ይነዳል። ውሃ አይደፋበትም፣ ሃይድሮጅን ይወጣና ያፈነዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ማጥፊያም አይሆንም፤ ማግኒዚየም እሱንም በልቶ መንደዱን ይቀጥላል። በደንብ የደረቀ አሸዋ ወይም ለብረት እሳት የተዘጋጀ ዱቄት ነው የሚያስፈልገው። ሰኔ 1955 እ.ኤ.አ. ለ ማን በተባለው የፈረንሳይ የመኪና ውድድር ላይ የደረሰውን አደጋ አስታወሰ። ተመልካች ላይ የወጣችው የመርሴዲስ መኪና አካሏ ከማግኒዚየም ቅይጥ ነበር። እሳቱ ለማጥፋት አስቸግሮ ነበር፤ ከ80 ሰው በላይም ሞቷል።

በሌዘሩ ላይም ይሄው ይሠራል። ሲቀልጥ አርጎን የሚባለውን የማያቃጥል ጋዝ እየነፉበት መሥራት ግድ ነው። አለበለዚያ ገጹ ይቃጠላል፣ የሚተነውም ማግኒዚየም በብናኝ መልክ ማሽኑ ውስጥ ይከማቻል። ብናኙን ሳይጠርጉ ሌላ ሥራ መጀመር ነው አደጋው።

መልስ 12

አንዷ ደብረ ብርሃን ባሕር የላትም፣ ጨው ከየት መጣ ብላ ጠየቀች። መልሱ ከሸዋ ሮቢት መጣ። ሹፌር ነው። ከአፋር ጨው ጭነው በኮምቦልቻ በኩል የሚመጡ መኪኖች ጣርማ በርን ወጥተው በደብረ ብርሃን ያልፋሉ። እነሱ ሥር የሚሠራ መካኒክ ጨው በእጁና በዕቃው ላይ ይዞ ይዞራል። ጋሼም ጨመሩበት። የመጋዙን እጀታ በላብ የሚያርሰው ሰውዬ ራሱ ጨው ነው አሉ። በዚያ ላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ያለ ከተማ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሌሊት ያርፋል፣ ጠዋት ይቀልጣል፣ ቀን ይደርቃል። ለባትሪው የሚበቃ ውሃ በየቀኑ ይገኛል ማለት ነው። በዚህ እኔም እስማማለሁ።

መልስ 13

ነገሩን ወደ ገንዘብ አመጣው። ለአንድ የመጋዝ ቀፎ ሌዘር ምን ያደርጋል? ብሎኑን በማይዝግ ብረት ለውጦ ገጹን ቀለም መቀባት ነው አለ። ብዙ ሰው ወደደለት። ሁለቱም ምክር ግን አደገኛ ነው። ስለዚህ እኔው ራሴ ገባሁ።

መልስ 14 የእኔ ነው

የማይዝግ ብረት የማይዘገው ለራሱ ነው። ማግኒዚየም አጠገብ ሲቀመጥ እንደ ተራው ብረት ሁሉ ያስበላዋል። ሰው ብሎኑ ሲያብረቀርቅ አይቶ ደህና ነው ይላል፤ ቀፎው ግን ከሥሩ እያለቀ ነው። የሚረዳው ከብሎኑ ራስ ሥር የአሉሚኒየም ሮንዴላ ማስገባት ነው፤ 5052 ከሚባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ ወይም ከ6000ዎቹ ወገን የሆነ። ሮንዴላው ከብሎኑ ራስ ሰፋ ይበል። የፕላስቲክም ይሆናል። ጥርሱ ላይ ውሃ የሚከለክል ቅባት ማድረግና ውሃ የሚያቁርበትን ቦታ መዝጋትም አለ።

ቀለሙን በተመለከተ ደግሞ ማግኒዚየሙን ብቻ ቀብቶ ብረቱን ራቁቱን መተው ከምንም ይከፋል። ቀለሙ አንድ ቦታ ሲጫር የብሎኑ ጉልበት በሙሉ እዚያች ጭረት ላይ ያርፋል። ጉድጓዱ ጠባብና ጥልቅ ይሆናል። ስለዚህ መቀባት ያለበት ብረቱም ነው፤ እንዲያውም እሱ ይቅደም።

ይህ ማለት ግን ሌዘሩ ይቅር ማለት አይደለም። ሮንዴላ ማድረግ የማይቻልበት፣ ቀለምም የማይቆይበት ሰፊ ገጽ ብዙ ነው። የምርምሩ ቦታ እዚያ ነው።

መልስ 15

አንዲት የጤና ባለሙያ ሌላ በር ከፈተች። ለአጥንት ስብራት የሚሆን የማግኒዚየም ብሎን አለ፤ አጥንቱ ሲጠግን ራሱ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ለማውጣት ሁለተኛ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም። በአውሮፓ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቃድ ያገኘ አለ። እዚያ የሚፈለገው ዝገቱ እንዲቀር አይደለም። በልኩ እንዲሄድ ነው። ከፈጠነ ሃይድሮጅን ሥጋው ውስጥ ይጠራቀማል፣ አጥንቱም ሳይጠግን ብሎኑ ይላላል። ሌዘር የዝገቱን ፍጥነት ለመግራት እየተሞከረ ያለው ለዚህም ነው። ስድስተኛው ሰውዬ ሳይቀር አመሰገናት።

መልስ 16

ይህች ደግሞ የላብራቶሪ ሠራተኛ ናት። ከሁሉ በላይ የጠቀመችው እሷ ናት፤ ውድ መሣሪያ ሳይኖር ዝገት የሚለካበትን ዘዴ ጻፈች። ማግኒዚየም ጨው ውሃ ውስጥ ሲበላ ሃይድሮጅን ይወጣል። ከ100 ግራም መፍትሔ 3.5 ግራሙ ገበታ ጨው የሆነ ውሃ በብርጭቆ ዕቃ ይዘጋጃል። ናሙናው ይነከራል፣ ማጥለያ ይደፋበታል፣ በማጥለያው አንገት ላይ በውሃ የተሞላ ባለ መስመር ቱቦ ተገልብጦ ይቆማል። አረፋው ወደ ላይ እየወጣ ውሃውን ወደ ታች ይገፋዋል። አንድ ሚሊሊትር ጋዝ ወደ አንድ ሚሊግራም የተበላ ማግኒዚየም ማለት ነው። በየሰዓቱ መስመሩን ማንበብ ብቻ ነው የሚቀረው።

የጨው ጭጋግ ሳጥን ያለው ሰው ደግሞ በ5 በመቶ ጨውና በ35 ዲግሪ ይሠራል። ግን ሳጥኑ የሚያሳየው መጨረሻውን ነው። ቱቦው ዝገቱ የጀመረበትንና የፈጠነበትን ሰዓት ያሳያል። ያልታከመው ጎን በሰም ወይም በሬዚን ካልተሸፈነ ግን ውጤቱ ዋጋ የለውም ብላ አስጠነቀቀች። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 17

ልጁ ጥያቄውን አስተካክሎ መጣ። እንደ አሉሚኒየም ይሆናል የሚለውን ተወው። አሁን አራት ዓይነት ናሙና ሊያወዳድር ነው፤ ያልተነካ፣ በሌዘር የቀለጠ፣ ቀለም ብቻ የተቀባ፣ በሌዘር ቀልጦ ቀለም የተቀባ። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ይፈትነዋል፤ አንዴ ብቻውን፣ አንዴ የብረት ብሎን ታስሮበት። የብሎኑ ሐሳብ ከጋሼና ከስድስተኛው መልስ እንደመጣ በግልጽ ጽፏል። ስድስተኛውም አሁን ምርምር ሆነ ብሎ ጻፈለት። ከእሱ አፍ ሲወጣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መልስ 18 እና 19

ስለ ሌዘሩ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ረዳው። እንጨትና አክሪሊክ የሚቆርጠው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር አይሆንም። የሞገዱ ርዝመት 10.6 ማይክሮሜትር ነው፤ ማግኒዚየም አብዛኛውን ይመልሰዋል። ብረት የሚቆርጠው ፋይበር ሌዘር ወደ 1.07 ማይክሮሜትር ስለሆነ የተሻለ ይገባል። ጨረሩን ከትኩረቱ አላልቶ፣ አቅሙን ቀንሶ መሞከር ነው አለ። ጽሑፍ የሚቀርጸው ትንሹ ማሽንም ስስ ቆዳ ሊያቀልጥ ይችላል።

ጋሼ ደግሞ ሁለት የተሰበሩ የቮልስ ክራንክኬዞች እሰጣለሁ አሉ፤ መጥቶ ይውሰድ። ዘይቱ በደንብ ታጥቦ ይውጣ፣ በግራይንደር አትቁረጡት፣ በእጅ መጋዝ ይሁን ብለዋል። የቮልሱ ቅይጥ ከመጋዙ ቀፎ ቅይጥ ሊለይ ስለሚችል ሁለቱን ባንድ ሠንጠረዥ እንዳያቀላቅል እኔ ጨምሬለታለሁ።

አሁን የጎደለው አርጎን የሚነፋበት የተዘጋ ሳጥን ነው። ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ውስጥ ፋይበር ሌዘር ያለው፣ ሳጥኑን ለመግጠም የሚፈቅድና ብናኙን በሥርዓት የሚያጸዳ ቤት የሚያውቅ ሰው መልስ 20 ላይ ይጻፍለት።